ኤምአርአይ ላይ የሚያበራው ሁሉ ዕጢ ነው? ስለ ዕጢ ደም ስሮች ጥያቄ አለኝ

የማሂ ወንድም

ሰላም ለሁላችሁ። እህቴ የምትኖረው ሜሪላንድ ነው። አንጎሏ ላይ ግሊዮብላስቶማ የሚባል ክፉ ዕጢ ተገኝቶ ቀዶ ሕክምና ተደረገላት። ከዚያ ለስድስት ሳምንት ጨረር ወሰደች፤ አብሮ ቴሞዞሎማይድ የሚባለውን የኬሞ ክኒን። ጨረሩ ካለቀ በኋላ በተነሳችው የመጀመሪያ ኤምአርአይ ላይ የሚያበራው ቦታ ሰፍቶ ተገኘ። ቤተሰብ በሙሉ ተደናገጠ። ሐኪሟ ግን "ዕጢው አድጎ ላይሆን ይችላል፤ የደም ስሮቹን ሁኔታ የሚያሳይ ምርመራ እንጨምር" አሏት። ወረቀቱ ላይ ፐርፊውዥን ይላል።

እኔ ያለሁት አዲስ አበባ ነው። ሪፖርቱን በቴሌግራም ልካልኝ ደጋግሜ አነበብኩት፤ ብዙም አልገባኝም። ሰፍቶ እየታየ እንዴት አላደገም ይባላል? ሐኪሟ ሊያጽናኗት ብለው ይሆን? ደግሞስ ፎቶ የሚያነሳ ማሽን ስለ ደም ስር ምን ያውቃል? የሚያውቅ ካለ በቀላሉ ያስረዳኝ።

ሬዚደንቷ

እግዚአብሔር ይማርልህ ወንድሜ። ራዲዮሎጂ እየተማርኩ ነው። የእህትህን ምስል ስላላየሁ ስለ እሷ አልናገርም፤ ስለ ጉዳዩ ግን ልንገርህ። ሐኪሟ እያጽናኗት ብቻ አይደለም።

የሚያበራው ምንድነው? ምርመራው ላይ ጋዶሊኒየም የሚባል ብረት ያለበት ኮንትራስት፣ ማለትም ምስሉን የሚያጎላ ፈሳሽ፣ በክንዷ ይሰጣታል። ጤነኛ አንጎል ውስጥ የደም ስሩ ግድግዳ ጥብቅ ነው። ኮንትራስቱ ከደሙ ጋር ገብቶ ከደሙ ጋር ይወጣል፤ ወደ አንጎሉ ሥጋ አይሾልክም። ግድግዳው ሲጎዳ ግን ይሾልካል። የሾለከበት ቦታ ነጭ ሆኖ ይታያል። ስለዚህ የምታየው ነጭ ነገር ዕጢው ራሱ አይደለም። ደም ስር ያፈሰሰበት ቦታ ነው።

የዕጢ ደም ስሮች ያፈሳሉ። ዕጢው ሲያድግ ኦክስጅን ያጥረዋል፤ ቪኢጂኤፍ የሚባል ፕሮቲን ይለቃል፤ በዙሪያው ያሉ ደም ስሮች ወደ እሱ ቅርንጫፍ ያወጣሉ። ግን ተቻኩለው የበቀሉ ስለሆኑ ጠማማ ናቸው። አንዳንዱ መውጫ የለውም፣ ግድግዳቸውም ክፍተት አለው። እስከዚህ ድረስ ነጭ ማለት ዕጢ ማለት ይመስላል።

ችግሩ ጨረርም ደም ስር ይጎዳል። ሕክምናው ዕጢውን ሲመታ አካባቢው ይቆጣል፣ ያብጣል፣ ያፈሳል። ምስሉ ላይ ሁለቱ አንድ ዓይነት ናቸው። ይሄ የውሸት እድገት ይባላል። ጥናቶቹ ይለያያሉ እንጂ ከ10 እስከ 30 በመቶ በሚሆኑ ታካሚዎች ላይ ይታያል፤ በብዛት ጨረሩ ካለቀ በኋላ ባሉት ሦስት ወራት ውስጥ። ለዚህም ነው በ2010 የወጣው ራኖ የሚባለው የአንጎል ዕጢ መመዘኛ በመጀመሪያዎቹ 12 ሳምንታት ውስጥ፣ ጨረሩ ካረፈበት ቦታ ውጭ አዲስ ነገር ካልታየ ወይም በናሙና ካልተረጋገጠ በቀር፣ "አደገ" ብሎ ለመፍረድ የሚያስጠነቅቀው።

ፐርፊውዥን የሚጠይቀው ሌላ ጥያቄ ነው። "ያፈሳል ወይ?" ሳይሆን "እዚህ ቦታ ላይ ምን ያህል ደም አለ?" ይላል። ሕያው ዕጢ አብዛኛውን ጊዜ በደም ስር የተሞላ ነው። በጨረር የሞተ ሥጋ ያፈሳል እንጂ ደም ስሩ ጥቂት ነው።

ተጠራጣሪው

ሬዚደንቷ ጥሩ አስረድታለች፤ ግን እኔ መሐንዲስ ነኝ፣ ቁጥር ካልሰማሁ አልዋጥልኝም። ካፒላሪ የሚባለው ቀጭኑ ደም ስር ከ5 እስከ 10 ማይክሮሜትር ነው። የፐርፊውዥን ምስል አንዷ ነጥብ 2 ሚሊሜትር ገደማ ናት። ወፍራሙን ካፒላሪ ብንወስድ እንኳ 200 እጥፍ ልዩነት! ነጥቧ ውስጥ ያለውን ደም ስር ማሽኑ አያየውም። "የደም ስር ምርመራ" ማለት ማስታወቂያ ነው እንዴ?

ፊዚክስ ከአራት ኪሎ

@ተጠራጣሪው ስሌትህ ልክ ነው። አንዷንም ካፒላሪ አያይም። አመሻሽ ላይ ከጣሪያ በላይ የሚወጣውን ጭስ አይተህ ሰፈሩ ውስጥ ስንት ምድጃ እንደነደደ ትገምታለህ አይደል? እንደዚያ ነው። ግምቱ ግን ፊዚክስ አለው።

ጋዶሊኒየም ጥንድ ያላገኙ 7 ኤሌክትሮኖች አሉት፤ ከማግኔት ጋር ያለው ጠባይ ከዚያ ይመነጫል። ሁለት ነገር ያደርጋል። አንደኛ፣ ከውኃ ጋር ሲነካካ የውኃው ሃይድሮጅን ቶሎ ወደ ቦታው እንዲመለስ ያደርጋል። ያ ነው ነጩ፤ ሬዚደንቷ የነገረችን። ሁለተኛውና ለአንተ ጥያቄ መልስ የሚሆነው፣ ኮንትራስቱ ደም ስሩ ውስጥ ተጨምቆ ሲያልፍ የደም ስሩ ውስጥና ውጭ ማግኔታዊ ልዩነት ይፈጠራል። ይህ መዛባት ከደም ስሩ ግድግዳ አልፎ ወደ ዙሪያው ይዘረጋል። ስለዚህ ቀጭኗ ካፒላሪ ከራሷ ስፋት በላይ የሆነ አካባቢ ታጨልማለች። ነጥቡ በሙሉ ለጥቂት ሰከንድ ይጨልማል፣ ከዚያ ይመለሳል። የጨለመበትን መጠን በጊዜ ላይ ስትስለው ጉድጓድ የመሰለ መስመር ይወጣል። የጉድጓዱ ጠቅላላ ይዞታ (ጥልቀቱም ወርዱም አንድ ላይ) ነው የደሙን መጠን የሚነግርህ። ከዚያ በሌላው የአንጎል ጎን ካለው ጤነኛ ነጭ ክፍል ጋር ይካፈላል። አንድ ከሆነ እኩል፣ ሦስት ከሆነ ሦስት እጥፍ ደም አለ ማለት ነው።

በነገራችን ላይ ይሄው ዘዴ ነው በ1991 ቦስተን ላይ ሰው ብርሃን ሲያይ የትኛው የአንጎል ክፍል እንደሚሠራ በኤምአርአይ ለመጀመሪያ ጊዜ ያሳየው። ብዙ ሰው አያውቀውም።

ካልበቃህ ልጨምርልህ። ምስሉን በሁለት መንገድ ማንሳት ይቻላል። ግራዲየንት ኤኮ የሚባለው ለትልቁም ለትንሹም ደም ስር እኩል ይደነግጣል። ስፒን ኤኮ የሚባለው ይበልጥ ለትንንሾቹ ነው። ሁለቱን ስታነጻጽር በነጥቧ ውስጥ ያሉት ደም ስሮች በአማካይ ወፍራም ናቸው ወይስ ቀጭን የሚለው ይወጣል። ማይክሮሜትር ሳታይ ስለ ማይክሮሜትር ማውራት ማለት ይሄ ነው። የዕጢ ደም ስሮች ከጤነኛው ይሰፋሉ፤ ልዩነቱ ይታያል።

ተጠራጣሪው

እሺ፣ ይሄኛው ተዋጠልኝ። ጭሱን ግን ነፋስ ቢበትነውስ?

ፊዚክስ ከአራት ኪሎ

ይበትነዋል! ዋናው ራስ ምታት እሱ ነው። ስሌቱ ኮንትራስቱ ደም ስር ውስጥ ይቆያል ብሎ ነው የሚነሳው። የዕጢ ደም ስር ደግሞ ያፈሳል። የፈሰሰው ነጭ እያደረገ ጨለማውን ይበላዋል፤ ደሙ ከእውነቱ ያነሰ ሆኖ ይታያል። ስለዚህ ከዋናው መርፌ በፊት ትንሽ መጠን አስቀድሞ ይሰጣል፤ በሶፍትዌርም ማረሚያ ይሠራለታል። ይሄ ካልተደረገ ቁጥሩን አትመነው።

ፍሳሹን ራሱን መለካት ሲፈለግ ሌላ ዘዴ አለ። ለብዙ ደቂቃ በተከታታይ እየተነሳ ኮንትራስቱ በምን ፍጥነት ወደ ሥጋው እንደሚገባና እንደሚመለስ ይታያል። ኬ-ትራንስ የሚባለው ቁጥር ከዚያ ነው። ቶፍትስ የሚባሉ እንግሊዛዊ የፊዚክስ ሰውና ሌሎች በ1999 ስያሜዎቹን አንድ እስኪያደርጉ ድረስ እያንዳንዱ ላብራቶሪ በራሱ ፊደል ይጽፍ ነበር። ኬ-ትራንስ ተንኮለኛ ነው። ደም በብዛት በሚደርስበት ቦታ የግድግዳውን ቀዳዳነት ይለካል። ደም በበቂ በማይደርስበት ቦታ ደግሞ የደሙን ፍሰት ነው የሚለካው። ያው አንድ ቁጥር፣ ሁለት ትርጉም።

ቴክኒሻን ሲልቨር ስፕሪንግ

እዚህ ኤምአርአይ ላይ ነው የምሠራው። የማሂ ወንድም፣ ለእህትህ ተግባራዊውን ልንገራት።

መርፌው ወፍራም ይሆናል፤ 18 ወይም 20 ጌጅ። ኮንትራስቱ በማሽን በሰከንድ እስከ 5 ሚሊ ሊትር ይገፋል። በእጅ አይሆንም። ክንዷ ላይ ቀዝቃዛ ነገር ሲሮጥ ይሰማታል፤ አትደንግጥ። ኬሞ የወሰደ ሰው ደም ስሩ ስለሚደክም ጥሩ ስር መፈለግ ጊዜ ይወስዳል። ስለዚህ ቀድማ ውኃ ትጠጣ፣ ክንዷንም ታሙቅ። የፐርፊውዥኑ ክፍል ሁለት ደቂቃ አይሞላም፤ በየአንድ ሰከንድ ተኩል ገደማ መላው አንጎል ይነሳል። በዚያች ሁለት ደቂቃ ከተንቀሳቀሰች ቁጥሩ ይበላሻል።

ሌላ አንድ ነገር። ዴክሳሜታዞን የሚባለውን ስቴሮይድ እየወሰደች ከሆነ መጠኑን ትናገር። ስቴሮይድ የደም ስሩን ፍሳሽ ይቀንሰዋል። በመጀመሪያው ምርመራ 8 ሚሊ ግራም፣ በሁለተኛው 2 ከሆነ፣ ምስሉ የተለወጠው በዕጢው ነው ወይስ በክኒኑ? አንባቢው መጠኑን ካላወቀ ይሳሳታል። ወረቀቱ ላይ ሳይሞላ የሚመጣ በሽተኛ ብዙ ነው።

ሐና ከረሆቮት

ደስ የሚል ክር ነው። እኔ ነርስ ነኝ፣ እስራኤል። ነገሩ የአንጎል ብቻ እንዳይመስላችሁ ነው የምጽፈው። እዚሁ ረሆቮት ዋይዝማን ተቋም ውስጥ ሐዳሳ ደጋኒ የተባሉ ሳይንቲስት የጡት ዕጢን በዚሁ መንገድ አጥንተዋል። ሥራቸው በ1997 ታትሟል። ሐሳቡ ሲነገር ቀላል ነው፤ ኮንትራስት ከመሰጠቱ በፊት አንድ ጊዜ፣ ከተሰጠ በኋላ ሁለት ጊዜ ታያለህ። ኮንትራስቱ ፈጥኖ ገብቶ ፈጥኖ ከወጣ ያጠራጥራል። ቀስ እያለ እየጨመረ ከሄደ አብዛኛውን ጊዜ ክፉ አይደለም። ዛሬ የጡት ኤምአርአይ ሪፖርት ላይ ስለ መውጣቱ የሚጻፈው ነገር መሠረቱ ይሄው የደም ስር ጠባይ ነው።

እናት ዓለም

ልጆች፣ ጋዶሊኒየም አንጎል ውስጥ ይቀራል ሲሉ ሰምቻለሁ። እናንተ በመርፌ ላይ መርፌ ትጨምራላችሁ። ይሄ ነገር ደህና ነው?

ሬዚደንቷ

እማማ፣ የሰሙት እውነት ነው፤ ግን ሙሉ አይደለም። በ2014 የጃፓን ተመራማሪዎች ደጋግመው ኮንትራስት የወሰዱ ሰዎች አንጎል ላይ ምልክቱን አሳዩ። ከዚያ ወዲህ በጣም የሚቀረው ሞለኪውሉ ክፍት ሰንሰለት የሆነው ዓይነት መሆኑ ታወቀ። ጋዶሊኒየሙን እንደ ቀለበት ዙሪያውን የሚይዘው ዓይነት እጅግ ያነሰ ይቀራል። አውሮፓ በ2017 አብዛኞቹን የሰንሰለት ዓይነቶች ከአንጎል ምርመራ አስወጣች። አንጎል ውስጥ በቀረው ምክንያት የመጣ በሽታ እስካሁን አልተረጋገጠም።

በእርግጥ የተረጋገጠው አደጋ ኩላሊታቸው በጣም የደከመ ሰዎች ላይ ነው። ቆዳና መገጣጠሚያ የሚያደርቅ ከባድ ሕመም ከኮንትራስቱ ጋር መያያዙ በ2006 ታወቀ። ለዚህ ነው ከምርመራ በፊት ክሬቲኒን የሚባለውን የኩላሊት የደም ምርመራ የምንጠይቀው። እንደ ማሂ ላለ ሰው ግን ሳያዩ ሕክምና ከመቀየር መርፌው ይሻላል።

የማሂ ወንድም

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አሁን ሌላ ጣጣ መጣ። የአጎታችን ልጅ "አቫስቲን ለምን አትጀምርም?" ይላል። ኢንተርኔት ላይ በፊትና በኋላ የሚል ምስል ልኮልን አየሁት። እውነትም የሚያበራው ጠፍቷል። በቀናት ውስጥ! እንዲህ ካለ ለምን ይጠበቃል?

ሬዚደንቷ

ይሄ ጥያቄ እስካሁን ካልነው ሁሉ የቀጠለ ስለሆነ ረዘም አድርጌ እመልሳለሁ።

በ1971 ጁዳ ፎክማን የሚባሉ የቦስተን የሕፃናት ቀዶ ሐኪም፣ ዕጢ አዲስ ደም ስር ካላበቀለ ከአንድ ሁለት ሚሊሜትር በላይ አያድግም፤ ስለዚህ ደም ስሩን እንከልክለው ብለው ጻፉ። ብዙ ሰው አላመናቸውም። ከብዙ ዓመት በኋላ ቪኢጂኤፍ ተገኘ፣ እሱን የሚይዝ ፀረ እንግዳ አካል ተሠራ። አቫስቲን፣ በሌላ ስሙ ቤቫሲዙማብ፣ እሱ ነው። በ2004 አሜሪካ ውስጥ ለአንጀት ካንሰር ተፈቀደ፤ በ2009 ደግሞ ለተመለሰ ግሊዮብላስቶማ።

አሁን አስብ። የሚያበራው ፍሳሽ ነው ብለናል። ቪኢጂኤፍ ደግሞ ደም ስሩን የሚያስፈስሰው ራሱ ነው። መድኃኒቱ ቪኢጂኤፍን ሲይዘው ቀዳዳው ይደፈናል። ኮንትራስቱ አይሾልክም። ምስሉ ጥቁር ይሆናል። ዕጢው ግን እዚያው ቁጭ ብሎ ሊሆን ይችላል። ይሄ የውሸት መሻል ይባላል፤ የመጀመሪያው የውሸት እድገት ግልባጭ። የአጎትህ ልጅ የላከው ምስል ውሸት አይደለም። የሚለው ነገር ግን "ዕጢው ሞተ" ሳይሆን "ቱቦው ተጠገነ" ሊሆን ይችላል።

በ2014 ሁለት ትልልቅ ጥናቶች ታተሙ። አዲስ የታመሙ ሰዎች መድኃኒቱን ከጨረርና ከቴሞዞሎማይድ ጋር ወሰዱ። ምስሉ ላይ እድገቱ ዘግይቶ ታየ። ዕድሜያቸው ግን አልረዘመም። እኔ ተማሪ ሆኜ ይሄን ሳነብ ነው ምስል ማንበብና በሽታ ማወቅ ሁለት ነገር መሆናቸው የገባኝ።

መድኃኒቱ ከንቱ ነው እያልኩ አይደለም። እብጠት ያጎድላል፣ ስቴሮይድ ለመቀነስ ይረዳል፤ በጨረር ለሞተ ሥጋም ይሰጣል። ግን ፐርፊውዥኑ ሳይነበብ ቢጀመር ፍሳሹ ይደፈንና ማሂ ላይ የነበረው የቁጣ ይሁን የዕጢ መለየቱ ይብሳል። ከዚያ ቁስል የማዳን አቅምንም ያዘገያል፤ ቀዶ ሕክምና ካስፈለገ ችግር ነው። ለኦንኮሎጂስቷ ተዉት።

ፊዚክስ ከአራት ኪሎ

እዚህ ላይ አንድ ልጨምር፣ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ራኬሽ ጄን የሚባሉ የማሳቹሴትስ ጄኔራል ሆስፒታል ሳይንቲስት በ2001 ነገሩን ገለበጡት። ደም ስሩን ማጥፋት ሳይሆን ማስተካከል ነው ጥቅሙ አሉ። ጠማማው ሲቃና፣ ፍሳሹ ሲቆም፣ ኦክስጅንና ኬሞ ይደርሳል። ጨረር ደግሞ ኦክስጅን ባለበት ነው በደንብ የሚሠራው። የሚገርመው፣ ይሄን ሰው አንጎል ውስጥ ማየት የተቻለው በኤምአርአይ ነው። በ2007 በታተመ ሥራ ሴዲራኒብ የሚባል፣ የቪኢጂኤፍን ሥራ የሚያግድ ሌላ መድኃኒት የተሰጣቸው 16 ታካሚዎች ተከታታይ ምርመራ ተደረገላቸው። ያ ከላይ ያልኳችሁ የደም ስር ውፍረት መለኪያ ተጠቀሙ። የዕጢው ደም ስሮች በአንድ ቀን ውስጥ ሲጠቡ ታየ። መድኃኒቱ ሲቋረጥ ነገሩ ተመለሰ።

ከዚያ ተስፋው አበጠ። በ2013 የታተመው ትልቁ ጥናት ግን ሴዲራኒብ የታሰበውን ያህል አልሠራም አለ። ለእኔ ትምህርቱ መድኃኒቱ ላይ አይደለም። ደም ስሩ የተስተካከለላቸው ሰዎችና ያልተስተካከለላቸው አንድ ላይ ሲደባለቁ ውጤቱ ይደበዝዛል። እነሱን አስቀድሞ የሚለየው ምስሉ ነው። ያ ግን ገና በየሆስፒታሉ አልገባም።

ተጠራጣሪው

ጥሩ። ታዲያ ፐርፊውዥኑ ላይ ስንት ሲሆን ነው ዕጢ የሚባለው? አንድ ቁጥር ስጡኝና ልረፍ።

ሬዚደንቷ

አታርፍም። ብዙ የሚጠቀሰው 1.75 ነው፤ ከጤነኛው ጎን 1.75 እጥፍ ደም ማለት ነው። ግን ቁጥሩ ከማሽን ማሽን፣ ከሶፍትዌር ሶፍትዌር ይለያያል። ማረሚያው ተሠርቷል አልተሠራም የሚለውም አለ። ሌላው ጣጣ ኦሊጎዴንድሮግሊዮማ የሚባለው ሌላ የአንጎል ዕጢ ነው። ቀስ ብሎ የሚያድግ ሆኖ ሳለ ቀጫጭን ካፒላሪዎቹ ብዙ ስለሆኑ ቁጥሩ ከፍ ይላል። ቁጥሩን ብቻ ያየ ሰው ክፉኛ ይደነግጣል። ደግሞ አንድ ቦታ ላይ የሞተ ሥጋና ሕያው ዕጢ ተደባልቆ መገኘቱ የተለመደ ነው። ለዚህ ነው አንድ ምስል ሳይሆን ተከታታይ ምስል የሚታየው።

እውነቱን ለመናገር፣ እኔ በሠራሁባቸው ቦታዎች ብዙ ጊዜ ፐርፊውዥን ሳይሠራ ነው ሪፖርት የሚወጣው። ማሽኑ ይችላል። የኮንትራስት መግፊያው ተበላሽቶ ይሆናል፤ ሶፍትዌሩ አልተገዛ ይሆናል፤ ወይ ወረፋው ስለሚጫን ይዘለላል። የዚያን ጊዜ "ይደገም" ከማለት ሌላ ምርጫ የለኝም።

አወያይ

ሁለት መልእክቶች አንስቻለሁ። አንደኛው ለዕጢ "ደም ስር የሚዘጋ" ቅጠል በውስጥ መስመር ሊሸጥ የሞከረ ነው። ሌላው የመድኃኒት መጠን የጻፈ ነው። የማሂ ወንድም፣ እህትህ ቴሞዞሎማይድ ላይ ስላለች ማንኛውንም ነገር ከመጨመሯ በፊት ሐኪሟን ትጠይቅ።

የማሂ ወንድም

ውጤቱ ወጣ። ከሚያበራው ቦታ አብዛኛው ላይ ደሙ ዝቅተኛ ነው ይላል። ከኋላ በኩል አንዲት ጥግ ላይ ግን ከፍ ብሏል። ሐኪሞቹ ክኒኑን እንድትቀጥል፣ ከስምንት ሳምንት በኋላ በዚያው ማሽን፣ በዚያው አሠራር እንዲደገም ወስነዋል። የአጎቴን ልጅ ይሄን ክር አስነበብኩት። አቫስቲኑን ለጊዜው ተወው፤ አሁን ስለዚያች ጥግ ነው የሚጨቀጭቀኝ።

ቴክኒሻን ሲልቨር ስፕሪንግ

"በዚያው ማሽን" ያሉት ቁም ነገር ነው። ቀጠሮ ሲያስይዙላት ሌላ ቅርንጫፍ ቶሎ አለ ቢሏት አትሂድ፤ ማሽኑ ከተቀየረ የያኔውና የአሁኑ ቁጥር ጎን ለጎን አይቀመጥም። ሲዲውንም ትያዝ።

ዳዊት ከፍራንክፈርት

ዘግይቼ ነው የመጣሁት። አባቴ የኩላሊት እጥበት ላይ ናቸው፤ አሁን አንጎላቸው ላይ ዕጢ ተጠርጥሯል። እናት ዓለም የጠየቁት ነገር አስፈራኝ። ያለ ኮንትራስት ይሄን ማየት አይቻልም?

ፊዚክስ ከአራት ኪሎ

ይቻላል ዳዊት። ኤኤስኤል ይባላል። በ1992 የወጣ ሐሳብ ነው። መርፌ የለውም፤ አንገት ላይ የሚያልፈው ደም ውስጥ ያለውን ውኃ ማሽኑ በሬዲዮ ሞገድ ምልክት ያደርግበታል። አንድ ሁለት ሰከንድ ጠብቆ አንጎል ውስጥ የደረሰውን ያነሳል። ምልክት ሳያደርግ ደግሞ ያነሳል። ሁለቱን ሲቀንስ የደሙ ፍሰት ይቀራል።

ድክመቱ ልዩነቱ 1 በመቶ ገደማ ብቻ መሆኑ ነው። ስለዚህ ደጋግሞ አንስቶ ማማከል አለበት፤ አራት አምስት ደቂቃ ይወስዳል። ምልክቱም በሰከንዶች ውስጥ ይጠፋል፤ ዕድሜያቸው የገፋ ሰዎች ደም ዘገምተኛ ስለሆነ ሳይደርስ ሊጠፋ ይችላል። የመጠበቂያውን ጊዜ እንዲያረዝሙላቸው ጠይቅ። የማግኔቱ ኃይል 3 ቴስላ የሆነ ማሽን ካለ ከ1.5ቱ ይሻላል። የሚነግርህ የደም ፍሰትን ነው፣ ፍሳሽን አይደለም። ዕጢ ነው ወይስ አይደለም ለሚለው ግን ብዙ ይረዳል።

ሬዚደንቷ

ዳዊት፣ ሌላም አለ። በቀለበት ዓይነቱ ኮንትራስት እጥበት ላይ ባሉ ሰዎች ያ የቆዳ ሕመም የሚደርሰው እጅግ አልፎ አልፎ ስለሆነ፣ ግድ ካለ ሐኪሞች ይሰጣሉ፤ ከምርመራው በኋላ ቶሎ እጥበት እንዲደርሳቸው አድርገው ቀጠሮውን ያገጣጥሙታል። ኤኤስኤሉን አስቀድመው ይሥሩላቸው። ካልበቃ ለኩላሊት ሐኪማቸውና ለራዲዮሎጂስቱ አንድ ላይ ንገራቸው። የእጥበት ቀናቸውን ቀጠሮ ለሚይዘው ሰው አስቀድመህ ስጠው፤ ብዙ ጊዜ የሚረሳው እሱ ነው።